የውጭ የልማት እርዳታ በቱቫሉ

ቱቫሉ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የተበታተኑ ዘጠኝ የኮራል ደሴቶችን ያቀፈች፣ የቆዳ ስፋቷ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነና ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት አገር ናት። አፈሯ ስስና ጨዋማ በመሆኑ ከኮኮናት፣ ከሥራ ሥርና ከዓሣ በቀር ብዙም አይመረትባትም፤ የምትገበያየውም በአውስትራሊያ ዶላር ነው። በዚህ ምክንያት የመንግሥት ሥራ፣ የጤናና የትምህርት አገልግሎት፣ በደሴቶቹ መካከል የሚመላለሱት መርከቦች ሳይቀሩ ከነጻነት ጊዜ ጀምሮ በከፊል በውጭ እርዳታ ሲንቀሳቀሱ ኖረዋል።

የእርዳታው ታሪክ የሚጀምረው ከመለያየት ነው። የዛሬዋ ቱቫሉ ኤሊስ ደሴቶች ተብላ፣ ዛሬ ኪሪባቲ ከምትባለው የጊልበርት ደሴቶች ጋር በአንድ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሥር ትተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 3,799 ሰዎች መለየትን ሲደግፉ የተቃወሙት 293 ብቻ ነበሩ። ብሪታንያ ግን ተለያይተው ለሚወጡት አንዲት መርከብ ከመስጠት በቀር ከቅኝ ግዛቱ የፎስፌት (ለማዳበሪያ የሚውል) ማዕድን ገቢ ድርሻ እንደማይኖራቸው አስቀድማ አሳውቃ ነበር። ሕዝቡ ይህን እያወቀ መረጠ፤ አገሪቱም ጥቅምት 1 ቀን 1978 (እ.ኤ.አ.) ነጻ ስትወጣ የዓመት በጀቷን የሚሞላላት የቀድሞዋ ገዢ ነበረች።

በየዓመቱ ለበጀት ጉድለት እጅ መዘርጋቱ ለጋሹንም ተቀባዩንም የሚያሰለች ነበርና በ1980ዎቹ በጠቅላይ ሚኒስትር ቶማሲ ፑአፑአ ዘመን የቱቫሉ መንግሥት የተለየ ሐሳብ ይዞ ቀረበ፦ ለጋሾች ገንዘቡን በየዓመቱ ከሚቆነጥሩ በአንድ ጊዜ ሰጥተው ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ ይበላ የሚል። የቱቫሉ አደራ ፈንድ የተባለው ይህ ተቋም በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረት ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ እያንዳንዳቸው ከ8 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያላነሰ አዋጡ። ቱቫሉም ከራሷ ጨመረች፤ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ አነስተኛ ድርሻ አከሉ፤ የመነሻው ካፒታል በጠቅላላው ወደ 27 ሚሊዮን ደረሰ። ገንዘቡ በዓለም የፋይናንስ ገበያ ላይ በባለሙያዎች ሥራ ላይ ይውላል። የዋናው ገንዘብ ዋጋ ከአውስትራሊያ የዋጋ ንረት ጋር እየተመዘነ በየዓመቱ ከፍ ይደረጋል፤ የፈንዱ የገበያ ዋጋ ከዚያ ልክ ሲያልፍ ብቻ ትርፉ ወደ ሌላ ሒሳብ ይዛወርና መንግሥት እንደ ፍላጎቱ ይጠቀምበታል፤ ገበያው በወደቀ ዓመት ደግሞ ምንም አይወጣም። ቱቫሉ ራሷ በተደጋጋሚ እየጨመረችበት የፈንዱ ዋጋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። በዚህ ልምድ በመነሣት ለደሴቶቹ የአካባቢ ምክር ቤቶች ፋሌካውፑሌ የተባለ ሁለተኛ ፈንድ በ1999 ተቋቁሟል። ለቱቫሉ ከተሰጠው እርዳታ ሁሉ ይበልጥ የጠቀማት ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ተቀባዩን ባለ ንብረት አድርጎታልና።

ከሌሎች አገሮች የዓሣ ማስገሪያ ፈቃድ ክፍያና ለቱቫሉ ከተመደበው ከ‹ዶት ቲቪ› (.tv) የኢንተርኔት አድራሻ ኪራይ የሚገኘው ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ከእርዳታ ጋር ይደባለቃል፤ ሁለቱም ግን አገሪቱ የራሷን ሀብት አከራይታ የምታገኘው ገቢ ናቸው።

በፕሮጀክት መልክ የሚመጣው እርዳታ ዋና ከተማዋን ፉናፉቲን ለሚያይ ሁሉ ግልጽ ነው። ሆስፒታሉን የሠራችው ጃፓን ናት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገኙበትን ሕንፃ ያሠራችው ታይዋን ናት፤ የጥበቃ ጀልባው የአውስትራሊያ ስጦታ ነው። እንዲህ ያለው ስጦታ ሲመረቅ ያስደስታል፤ ነገር ግን ጨዋማው አየር ብረቱን ሲበላው መለዋወጫና ጠጋኝ ባለሙያ ከሩቅ መምጣት ስላለበት ጥገናው በጥቂት ሠራተኞች ለሚንቀሳቀስ መንግሥት ከባድ ሸክም ይሆናል። የውጭ ኃይሎች የተዉትን ለማስተካከል የዋለ እርዳታም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ አሜሪካውያን የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ለመሥራት ቆፍረው የተዉአቸው ጉድጓዶች ለአሥርተ ዓመታት ቆሻሻና የረጋ ውሃ ሲያጠራቅሙ ቆይተው፣ በኒውዚላንድ ገንዘብ ከባሕሩ በወጣ አሸዋ የተሞሉት በ2015 ነው።

ታይዋንን በተመለከተ፣ ቱቫሉ ከ1979 ጀምሮ ዲፕሎማሲያዊ ዕውቅና ሰጥታታለች። ሰለሞን ደሴቶችና ኪሪባቲ በ2019፣ ናውሩም በጥር 2024 ታይዋንን ትተው ፊታቸውን ወደ ቤጂንግ፣ ማለትም ወደ ቻይና፣ ሲያዞሩ ቱቫሉ በአቋሟ ጸንታለች፤ ቻይናና ታይዋን ለዕውቅና በሚያደርጉት በዚህ ፉክክር የተነሣም የእርዳታው መጠን ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ትኩረት ይስባል።

ዛሬ እርዳታው በአብዛኛው ከባሕር ወለል ከፍታ መጨመር ጋር ተሳስሯል። አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም በ2016 በፈቀደው 36 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት፣ በፉናፉቲ ወደ 7 ሄክታር የሚጠጋ አዲስ መሬት ከባሕር አሸዋ ተሠርቷል። አውስትራሊያ ከቱቫሉ ጋር በኅዳር 2023 የተፈረመውንና በነሐሴ 2024 ሥራ ላይ የዋለውን የፋሌፒሊ ስምምነት ስታደርግ ለዚሁ የባሕር ዳርቻ ሥራ 16.9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመስጠት ቃል ገብታለች። ስምምነቱ በየዓመቱ 280 የቱቫሉ ዜጎች በአውስትራሊያ እንዲኖሩ፣ እንዲሠሩና እንዲማሩ ይፈቅዳል፤ ባሕሩ መሬቷን ቢውጥ እንኳ የቱቫሉ መንግሥትነት እንደሚቀጥል ዕውቅና ይሰጣል። በምላሹ ቱቫሉ ከሌላ አገር ጋር በጸጥታና በመከላከያ ጉዳይ ለመዋዋል አስቀድማ ከአውስትራሊያ ጋር መስማማት ይኖርባታል። በአገር ውስጥ ክርክር ያስነሣው ይኸኛው አንቀጽ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ይበልጥ የሚከብደው ግን የመውጫው በር ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በእርዳታ ነጻ የትምህርት ዕድል የሠለጠኑት መምህራንና ነርሶች በውጭ አገር ሥራ ለማግኘት የሚቀላቸው ናቸው።