የጣና ታንኳ፦ አሠራሩ፣ ታሪኩና ማኅበረሰቡ

ታንኳ በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል (ፓፒረስ ከሚባለው የውኃ ዳር ተክል) የሚሠራ፣ በሰው ጉልበት የሚቀዘፍ ቀላል ጀልባ ነው። በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በደቅ ደሴትና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ዓሣ ሲጠመድበት፣ እንጨትና እህል ሲመላለስበት፣ ምእመናን ገዳማትን ለመሳለም ሲሻገሩበት ኖሯል፤ ዛሬም ከሥራ አልወጣም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳን ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አይዘልም። ዳርቻው በደንገል የታጠረ፣ ደሴቶቹ የተቀራረቡ፣ ማለዳ ላይ ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ በነፋስ የሚናወጥ ውኃ ነው። ታንኳ ለዚህ ውኃ የተሠራ ነው፤ ቀዛፊዎችም በጠዋት መነሳትን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሠራሩ

ደንገሉ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ለቀናት ይሰጣል። ሲደርቅ በውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል አየር ይይዛል፤ ታንኳውን የሚያንሳፍፈውም ይኸው አየር ነው። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ተጠቅልሎ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ የፊቱ ጫፍ ተሰብስቦ ወደ ላይ ቀና ይላል። ታንኳ ውኃ አያስገባም የሚል ካለ ተሳፍሮበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ከነዶዎቹ መካከል ውኃ ይዘልቃል። ስለዚህ በውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግና ጭነቱም ተሳፋሪውም በዚያ ላይ ያርፋሉ። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይቀዝፋል።

የታንኳ ትልቁ ጠላት ማዕበል ሳይሆን እርጥበት ነው። ቀዛፊው ዳር ሲደርስ ታንኳውን ጎትቶ ያወጣና ዛፍ ላይ አስደግፎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቆመዋል። የጠጣው ውኃ በታችኛው ጫፍ በኩል እየተንጠባጠበ ይወጣል። ሳይደርቅ የተመለሰ ታንኳ ከባድ ነው፤ ሁልጊዜ ውኃ ላይ የተተወ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። በደንብ የተያዘውም ቢሆን ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከነገሥታቱ ዘመን የተረፈ አንድም ታንኳ አለመኖሩ ከዚህ የመጣ ነው። የተረፈው እጅ ነው፤ አባት ሲያስር ልጅ ጫፍ እየያዘ የተማረው ሙያ።

ታሪኩ

በመካከለኛው ዘመን የደሴቶቹ ገዳማት የነገሥታት መቃብርና የቅርስ ማስቀመጫ ነበሩ። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም ይገኛል። መጻሕፍቱም፣ ንዋያተ ቅድሳቱም፣ አስከሬኑም ውኃውን የተሻገሩት በታንኳ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጎርጎራ የተቀመጡት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስለ ደንገል ታንኳዎች ጽፈዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1866 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዘጌ ሰፍረው ሳሉ በእጅ በሚዞር መንኮራኩር የሚሄዱ ትልልቅ የደንገል ጀልባዎችን አሠርተው ነበር። ሙከራው ባይሰምርም፣ የእንፋሎት መርከብ የተመኘ ንጉሥ ዓይኑን የጣለው በጣና ደንገል ላይ መሆኑ ልብ ይሏል።

ከ1902 በኋላ ግን መዛግብቱ በድንገት ይበዛሉ። ምክንያቱ ታንኳ አይደለም፤ ውኃው ነው። በዚያ ዓመት ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ በተፈራረሙት ውል፣ ያለ ብሪታንያ ስምምነት የዐባይንና የጣናን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተጠቀሰ። ሱዳን ጥጥ የምታለማበት ውኃ ይፈለግ ነበርና የጣና ግድብ ሐሳብ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ቀያሾችን አመላለሰ። በ1920 እና 1921 ግራብሃምና ብላክ የተባሉ እንግሊዛውያን መጡ፤ በ1930 እና 1931 ደግሞ የአሜሪካው የጄ ጂ ዋይት ኩባንያ መሐንዲሶች ለኩ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ የጻፈው ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ነው። ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ፣ ደሴቶቹን በየተራ ጎብኝቶ፣ ካርታ አነሣ፤ ከደሴት ደሴት ያሻገሩትም የጣና ታንኳዎች ነበሩ። ካርታው በስሙ ይጠራል፤ የቀዘፉት ሰዎች ስም ግን በዓለም ካርታ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም። የጣና ልጆች ጉልበት ያለበት ሥራ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን የሞተር ጀልባዎች መጡ። ከነፃነት በኋላም መርከቦቹ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል መመላለሳቸውን ቀጠሉ።

ነገደ ወይጦ

የታንኳ ሥራ ስም ሲነሣ ነገደ ወይጦን አለማንሣት አይቻልም። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዳር የሚኖረው ይህ ሕዝብ የእስልምና ተከታይ ሲሆን፣ በቀድሞው የጉማሬ አደኑ፣ በዓሣ ማጥመድ፣ በደንገል ታንኳና በስፌት ሥራ ይታወቃል። የጉማሬ ሥጋ በመብላቱ ጎረቤቶቹ ለረጅም ዘመን አግልለውት ኖረዋል፤ በታንኳው ተሻግረው በማዕዱ ግን አልተቀመጡም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮህ በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። የቀድሞው ቋንቋ የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። የትውልድ አፈ ታሪካቸው ዐባይን ተከትለው ከግብፅ እንደመጡ ይናገራል።

ታንኳውም ከግብፅ መጣ የሚሉ አሉ። ይህ ግን የሚያስኬድ አይመስልም። በቻድ ሐይቅም፣ በደቡብ አሜሪካው ቲቲካካም ሰዎች ከውኃ ዳር ተክል ጀልባ ይሠራሉ፤ ተንሳፋፊ አገዳ ያገኘ ሰው አስሮ ለመቀዘፍ ፈርዖን አያስፈልገውም።

የጣና ደንገል በአትላንቲክ

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። ግብፅ ውስጥ ደንገል በበቂ አልነበረምና። የሠሩት ባለሙያዎች ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ፤ የእኛዎቹ ቢጠሩ ኖሮ ምን ይወጣ እንደነበር የባሕር ዳር ሰው ሳይጠየቅ ይነግርዎታል። ራ የተባለችው ጀልባ በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ ብዙውን መንገድ ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውኃ ጠጥቶ ሰመጠና ባሕረኞቹ ጥለዋት ወጡ። በቀጣዩ ዓመት በቲቲካካ ባለሙያዎች የተሠራችው ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰች።

የአሁኑ ይዞታ

በ1986 በሆላንዳውያን ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ዓሣ ማስገሩ ገባ፤ ጥልቁ ውኃ የባለሞተሮች፣ ዳር ዳሩ የታንኳ ሆነ። ጎብኚዎችንም አሁን የሚያመላልሱት በማኅበር የተደራጁ የሞተር ጀልባ ባለቤቶች ናቸው። ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉት ግን ነዳጅ የማያስወጣውን ታንኳ አልተዉም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2003 በድርቁና ለኃይል ማመንጫ በተለቀቀው ውኃ ምክንያት ሐይቁ እጅግ ወርዶ መርከቦች ለአራት ወራት ያህል ቆሙ። ታንኳ ለጥልቀት ደንታ የለውም፤ ጉዳቱ በሌላ በኩል መጣበት። ውኃው ሲሸሽ ደንገሉ በሰፊው ጠፋ፣ በተገለጠው መሬት ላይም እርሻ ገባ። በ2011 እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ታየና ዳርቻውን ማልበስ ጀመረ። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 በዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ ታንኳ ሠሪው ግን የሚጠብቀው ከመዝገቡ ይልቅ የሚታጨደውን ደንገል ነው።