የፔትሪ የሸክላ ቅደም ተከተል

እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ፍሊንደርስ ፔትሪ በላይኛው (ደቡባዊ) ግብፅ፣ ናቃዳ ላይ በ1894 እና 1895 (እ.ኤ.አ.) ከ2,000 በላይ መቃብር ከፈተ። ጽሑፍም ሆነ የንጉሥ ስም አልተገኘባቸውም። አሸዋ ውስጥ ጎን ለጎን የተማሱ ስለነበሩም፣ በ1890 ፍልስጤም ውስጥ ተል ኤል-ሄሲ ላይ እንዳደረገው ከታች ወደ ላይ በንብርብር ዕድሜ መቁጠር አልተቻለም። መጀመሪያ ሟቾቹን ከውጭ የመጣ «አዲስ ዘር» አላቸው፤ ተሳስቶ ነበር። ከፈርዖኖች በፊት የኖሩ መሆናቸውን ፈረንሳዊው ጃክ ደ ሞርጋን አስቀድሞ ተናገረ፤ ፔትሪም በኋላ ተቀበለ።

መቃብሮቹን በዕድሜ ለመደርደር በ1899 ይፋ ያደረገው ዘዴ በሸክላ ላይ የቆመ ነው። ሸክላው በ9 ምድብ ተከፈለ፤ አፉ የጠቆረ ቀይ፣ የተወለወለ ቀይ፣ ነጭ መስመር ያለበት፣ ሥዕል ያለበት እያለ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱ መቃብር አንድ የካርቶን ቁራጭ ተዘጋጅቶ የተገኙት ዓይነቶች በየምድባቸው ዓምድ ተጻፉበት። ከ5 ያነሰ የሸክላ ዓይነት የተገኘበት መቃብር ለማነጻጸር ስለማይበቃ ተጣለ። የቀሩት 900 ያህል ቁራጮች የሚመሳሰሉት እስኪቀራረቡ ድረስ ወደ ላይ ወደ ታች ተቀያየሩ።

ተራው ከየት እንደሚጀምር የጠቆመው እንደ ሞገድ የታጠፈ ጆሮ ያለው ማሰሮ ነው። በመጀመሪያ ሆዱ ሰፊ፣ ጆሮውም እጅ የሚይዘው ነበር። እየቆየ ማሰሮው ቀጠነ፣ ጆሮው ከገላው ጋር ተጣበቀ፤ በመጨረሻ ቀጥ ያለ ዕቃ ላይ የተጫረ መስመር ብቻ ቀረ። መስመር አድጎ መያዣ ሆነ ከማለት መያዣ ሟሽሾ ጌጥ ሆነ ማለት ይቀላል፤ ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከመጀመሪያው ሥርወ መንግሥት ዕቃ ጋር ይገጥማሉ።

ተራው ከ30 እስከ 80 ቁጥር ተሰጠው። ከ30 በታች ያለው ወደፊት ለሚገኝ የቀደመ ባህል የተተወ ነው፤ በ1920ዎቹ የተገኘው ባዳሪ የሚባለው ባህል ገባበት። ቁጥሮቹ ግን ዓመት አይደሉም፤ ከ40 እስከ 50 ያለው ከ50 እስከ 60 ካለው ጋር እኩል ዘመን ነው ማለት አይቻልም።

የተዘረፈ ወይም ዳግም የተቀበረበት ጉድጓድ የሁለት ዘመን ዕቃ ያቀላቅላል፤ መቃብሩ ያልታወቀ ማሰሮ ደግሞ ካርቶን የለውም። ፔትሪ ሠራተኞቹ ያገኙትን ለነጋዴ እንዳይሸጡ ጉርሻ ይከፍላቸው የነበረውም ለዚሁ ነው። ትልቁ ጉድለት ግን ምድቡ ራሱ ነው፦ አንዱ በጆሮው፣ ሌላው በልስላሴው፣ አንዱ ደግሞ «የኋለኛ» ተብሎ በዕድሜው ተለየ። ዕድሜ ሊፈለግበት የተሠራ ምድብ በዕድሜ ሊሰየም አይገባም ነበር።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ቬርነር ካይዘር በ1957 በላይኛው ግብፅ የሚገኘውን የአርማንትን መቃብር ካርታ ይዞ ሸክላዎቹ የት የት እንደተሰባሰቡ ተመልክቶ ሥራውን ከለሰው፤ ናቃዳ 1፣ 2 እና 3 የሚለው የዘመን አከፋፈልም ከዚያ መጣ።