ፍሬይልቲ ምንድን ነው? የዕድሜ ቁጥር አይደለም

«ከ70 ዓመት ያለፈ የደም ካንሰር ታማሚ ፍሬይል ነው፤ ኬሞ አይችልም፤ ቤቱ ይረፍ።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁት። ይህንኑ ከታማሚ ልጆች አፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፍሬይልቲ ሰውነት ሕመምንና ሕክምናን የሚቋቋምበት የመጠባበቂያ አቅም መሟጠጥ ነው፤ አቅሙ የተሟጠጠበት ሰው «ፍሬይል» ይባላል። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ውኃ በፈረቃ የምንጠብቅ ሰዎች ሮቶአችንን ማየት ይበቃናል። መስመሩ ሲቋረጥ ሙሉ ሮቶ ያለው ቤት ምንም አይመስለውም፤ ከሥሩ ጥቂት የቀረው ግን ጠዋቱኑ ይደርቃል። ኬሞው፣ የሳንባ ምች፣ አልጋ ላይ መዋሉ የውኃው መቋረጥ ነው። ተንታኙ የሚጠይቀን ሮቶው የተገዛበትን ዓመት ነው። እኔ የምጠይቀው በውስጡ ስንት እንደቀረ ነው። አሥር ዓመት ያገለገለው ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ አምና የተገዛው ደግሞ ሥሩ ተሰንጥቆ ሲያንጠባጥብ ያድራል።

ከዚህ ውኃ ብዙው ጡንቻ ነው፤ ሰውነት ሲታመም ፕሮቲን የሚበደረው ከዚያ ነው። የጡንቻው መመናመን ሳርኮፔኒያ ይባላል። ከክሳት ጋር አታምታቱት።

አንዲት የማልቲፕል ማይሎማ (ከአጥንት መቅኔ የሚነሳ የደም ካንሰር) ታማሚ እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። «ፊታቸው ሞላ እኮ ዶክተር፣ ደህና ሆነዋል» አለኝ። «እማማ፣ እስቲ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሱ» አልኳቸው። ሁለቴ ሞክረው አቃታቸው፤ በሦስተኛው የወንበሩን ጠርዝ ያዙ። ጭናቸው ከጉልበታቸው ቀጥኗል። ለማይሎማ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት ፊትን እየሞላ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ይበላል። እግር ካበጠ ሚዛኑም ያታልላል። ሮቶ ጥቁር ነው፤ ካላንኳኳችሁት ውስጡን አታውቁም።

ማንኳኳቱ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እነ ተመራማሪዋ ሊንዳ ፍሪድ ያወጡት መስፈርት አምስት ምልክቶች አሉት፦ ሳያስቡት መክሳት፣ ዝለት፣ የመጨበጥ ኃይል መላላት፣ የእርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱ ከተገኙ ፍሬይልቲ አለ። ዕድሜ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ደግሞ፣ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ በሆነ የደም ካንሰር ታማሚዎች ላይ፣ እርምጃ በሰከንድ በ0.1 ሜትር በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋው በ22 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ግን ደም ማነስ ብቻውን እርምጃን ያዘገያል፤ ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ወደ 6 የወረደን ሰው ደሙ ሳይስተካከል ፍሬይል አትበሉት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የማይሎማ ታማሚዎች የፍሬይልቲ መመዘኛ ዕድሜን ይቆጥራል፤ ከ80 በላይ የሆነውን በዕድሜው ብቻ ፍሬይል ይለዋል። ይህ አይዋጥልኝም። እሱም ቢሆን ለ70 ዓመት ሰው በዕድሜው ዜሮ የፍሬይልቲ ነጥብ ነው የሚሰጠው። ደግሞ ፍሬይል የሆነ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል፣ መድኃኒቱ ይመረጥለታል እንጂ «ሂድ ተኛ» አይባልም። ያ «ይረፍ» የተባለው ራሱ ሮቶውን የሚሰነጥቀው ነው። ጡንቻ በቀናት ውስጥ አልጋ ላይ ይሟሟል።

የታማሚዎች ጡንቻ ፕሮቲን ይፈልጋልና ሽሮው፣ ምስሩ፣ ፍስክ ሲሆን እንቁላሉ አይጓደልባቸው። ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ ሲወርድ ግን ጥሬ ሥጋ አይቀመስ። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ዝቅ ካለ መውደቅ ያደማልና ብቻቸውን አይራመዱ። ማይሎማ አከርካሪን ስለሚያሳሳ ጀሪካን ማንሳት በፍጹም አይፈቀድም።

እማማ አሁን ቡናው እስኪፈላ ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሳሉ፤ ልጃቸው ከኋላ ቆሞ።