ዓይን ቢጫ ሲሆን፦ የሄፓታይተስ ኢ ምርመራ በወሎ

ወሎ ውስጥ የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ከሆነ ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይላል። ላብራቶሪው ግን ገና አንድ ምልክት ብቻ ነው የያዘው። ጉበት ቢሊሩቢን የሚባለውን ቢጫ ንጥረ ነገር ማስወገድ ሲያቅተው ዓይን ይቀየራል፣ ሽንትም እንደ ወፈረ ሻይ ይጠቁራል። መነሻው ብዙ ነው። ከሐርቡ ወይም ከከሚሴ ቆላ ለመጣ ሰው ወባም ሊሆን ስለሚችል ብለድ ፊልም መታየቱ አይቀርም።

ከመነሻዎቹ አንዱ ጉበትን የሚያስቆጣው የሄፓታይተስ ኢ ቫይረስ ነው። እኛ አገር ዋናው መተላለፊያው በሰገራ የተበከለ ውሃ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ምንጭ ውስጥ ሲገባ፣ ተፈናቃይ አንድ ቦታ ሲሰፍርና መጸዳጃ ሲያጥር ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 እና 1989 በሰሜን ኢትዮጵያ ወታደሮች ላይ፣ በ2014 ደግሞ በጋምቤላ የስደተኛ መጠለያዎች ታይቷል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል። አብዛኛው ሰው በራሱ ጊዜ ይድናል። በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ግን ከያዛት ከ100 ከ20 እስከ 25 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ። ይህን ምርመራ ቀላል ነገር አድርጌ የማላየው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። በእርግዝና ክትትል ላይ የሚደረገው የሄፓታይተስ ምርመራ የሚፈልገው ሄፓታይተስ ቢን ነው። «ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት የያዘች እናት ከቢ ነጻ መሆኗን እንጂ ስለ ኢ ምንም አላወቀችም። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ «የትኛው ሄፓታይተስ ነው የታየልኝ?» ብላ ትጠይቅ።

የጉበት ምርመራው ጉዳቱን ያሳያል። ኤስጂፒቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም በጤናማ ሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 በታች ሲሆን በአጣዳፊ የጉበት ቁጣ ከ1000 ሊያልፍ ይችላል። ያም ሆኖ የትኛው ቫይረስ እንደሆነ አይናገርም። የደም መርጊያ ጊዜ ምርመራ ደግሞ ጉበቱ ምን ያህል እንደደከመ ይጠቁማል። ከረዘመ ሐኪሙ ዝም ብሎ አይመለከትም።

ቫይረሱን የሚለየው የመጀመሪያው ምርመራ በደም ውስጥ ያለውን አይጂኤም የተባለ ፀረ እንግዳ አካል መፈለግ ነው። ምልክቱ ሲጀምር አካባቢ ይወጣል፣ ለወራትም ይቆያል። ኤላይዛ በተባለ የላብራቶሪ ዘዴ ይሠራል፤ ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች የሚነበብ ፈጣን ምርመራም አለ። አይጂጂ የተባለው ሌላው ፀረ እንግዳ አካል ግን ለዓመታት ስለሚቆይ ብቻውን ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የድሮ ታሪክ ነው። አይጂኤምም ቢሆን አንዳንዴ ያሳስታል። ሌሎች ቫይረሶች ወይም ሰውነት የራሱን ጉበት ሲያጠቃ የሚመጣው ሕመም ፖዘቲቭ ሊያስመስለው ይችላል።

ማረጋገጫው ፒሲአር ነው፤ አርኤንኤ የሚባለውን የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ራሱን ይፈልጋል። ችግሩ ጊዜ አይሰጥም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አርኤንኤው ከደም ውስጥ ይጠፋል፤ ሰገራ ውስጥ ግን ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ዘግይቶ የተወሰደ ናሙና ኔጌቲቭ ቢሆን በሽታው አልነበረም አያሰኝም። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ላይ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉ ጭራሽ ላይወጣ ስለሚችል ፒሲአር ብቻ ይቀራል። ሰገራ ስል አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሶቪየታዊው ሳይንቲስት ሚኻይል ባላያን ከታመሙ ወታደሮች ሰገራ የተጣራ ፈሳሽ ጠጥቶ ታመመ፤ ቫይረሱንም ከራሱ ሰገራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ።

አርኤንኤ ስስ ነው፣ ሙቀት አይወድም። ከመቅደላ ወይም ከወረኢሉ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ናሙና ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በቶሎ ተለይቶ በረዶ ውስጥ ካልሄደ የሚደርሰው ባዶ ብልቃጥ እንደማለት ነው። ቅጹ ላይ ዓይን ቢጫ የሆነበት ቀንና እርግዝና መኖሩ ቢጻፍ ውጤቱን የሚያነበው ሰው አይቸገርም።

ወረርሽኝ ሲነሳ ሁሉንም መመርመር አያስፈልግም። ጥቂት ናሙናዎች ከተረጋገጡ ሌሎቹ በምልክታቸው ይቆጠራሉ። ለመንደሩ «ውሃ አጋር» የተባለውን የውሃ ማከሚያ ለማደልና ምንጩን ለማጠር ግን የላብራቶሪ ወረቀት መጠበቅ የለበትም።