«ካረንቱ መንገድ ላይ ያልቃል»፦ በተከታታይ ዑደት ላይ የማይለቁን ስህተቶች

ኤሌክትሮኒክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ የምሰማው አባባል አለ፦ «የመጀመሪያው አምፖል ካረንቱን ስለሚበላው ቀጥሎ ያለው ደብዝዞ ይበራል።» ሰልጣኙም ይለዋል፤ ዕድሜውን በጥገና ያሳለፈ ባለሙያም ይለዋል። ፈጽሞ ስህተት ነው። በተከታታይ፣ ማለትም በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ፣ በተገናኙ ዕቃዎች ውስጥ የሚያልፈው ካረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) በየትኛውም ነጥብ ላይ እኩል ነው።

ያላመነ ይለካ። ባለ 100፣ ባለ 200 እና ባለ 300 ኦም ሬዚስተሮችን (ፍሰትን የሚገቱ ዕቃዎችን፤ ኦም የሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰትን የመግታት አቅም፣ መለኪያ ነው) በተከታታይ አገናኙና 12 ቮልት ስጧቸው። ድምሩ 600 ኦም ስለሆነ 20 ሚሊአምፔር ያልፋል። ዑደቱን ከመጀመሪያው ሬዚስተር በፊት ክፈቱና መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በክፍተቱ አስገቡ፤ ከዚያ በመካከል፣ ከዚያም ከመጨረሻው በኋላ። በሬዚስተሮቹ የአሠራር ልዩነት ምክንያት 19 ወይም 21 ልታነቡ ትችላላችሁ፤ ሆኖም በሦስቱም ቦታ ያው ቁጥር ነው። የሚከፋፈለው ቮልቴጁ ነው፦ 2፣ 4 እና 6 ቮልት፣ ድምሩ 12።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ባትሪ ያልቃል፣ የመብራት ሂሳብ ይከፈላል፤ ስለዚህ የሆነ ነገር መበላት አለበት። የሚወጣው ግን ኢነርጂ ነው፤ ወደ ሙቀትና ብርሃን ይለወጣል። ኤሌክትሮኖቹ አንድም ሳይጎድሉ ዞረው ይመለሳሉ።

የዚሁ ስህተት ልጅ የሆነው ደግሞ «ሬዚስተር የግድ ከኤልኢዲ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) በፊት መግባት አለበት» የሚለው ነው። አንድ ሰልጣኝ በ9 ቮልት ባትሪ ቀይ ኤልኢዲ ሲያበራ ባለ 390 ኦም ሬዚስተሩን በአሉታዊው በኩል ስላስገባ ጓደኛው «ታቃጥለዋለህ!» ብሎ ሽቦውን ነቀለበት። ሁለቱንም አቀማመጥ አስለካኋቸው። ኤልኢዲው ወደ 2 ቮልት ይይዛል፣ የቀረው 7 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ነው፤ በሁለቱም መንገድ 18 ሚሊአምፔር። ጓደኛው ካረንት ከባትሪው ተነስቶ እንደ መንገደኛ በየተራ ወደ ዕቃዎቹ የሚደርስ መስሎት ነበር። ሽቦው ግን ከመጀመሪያውም በኤሌክትሮን የተሞላ ነው። መቁጠሪያን አስቡት፦ አንዷን ፍሬ ስትስቡ ክሩ ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይዞራሉ፤ የትኛዋንም ብትይዙ ሁሉም ይቆማሉ። ሬዚስተሩም የትም ይሁን የት የዑደቱን ሁሉ ፍሰት ይቀንሳል።

ትንንሾቹን በአጭሩ ላንሳ። «ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች በተከታታይ ሲገናኙ 200 አምፔር-ሰዓት ይሆናሉ» ይባላል፤ አይሆኑም፣ 24 ቮልት ነው እንጂ አምፔር-ሰዓቱ 100 እንደሆነ ይቀራል። «በቤት ውስጥ ተከታታይ ግንኙነት የለም» ለሚሉም፦ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ፊውዙና ብሬከሩ ከሚቆጣጠሩት ዕቃ ጋር በተከታታይ የተገናኙ ናቸው።

«ዋቱ ትልቅ የሆነ አምፖል ሁልጊዜ ይበልጥ ያበራል» የሚለውም በተከታታይ ዑደት ይገለበጣል። ባለ 40 እና ባለ 100 ዋት ባለ ክር አምፖሎች በ220 ቮልት ላይ በተከታታይ ቢገናኙ ደምቆ የሚበራው ባለ 40ው ነው። በሙሉ ብርሃኑ ሬዚስታንሱ 1,210 ኦም ሲሆን የባለ 100ው 484 ብቻ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ካረንት አንድ ስለሆነ ሬዚስታንሱ የበለጠው አብዛኛውን ቮልቴጅ ይወስዳል።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ልምጣ። በጥገና ቤቶች የተበላሸ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ባለ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ ይገባለታል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ዕቃው ውስጥ ሾርት (ሽቦዎቹ በቀጥታ መነካካት) ካለ አምፖሉ በሙሉ ይበራል፣ ካረንቱም ከግማሽ አምፔር በታች ይገታል። «ስለዚህ ኮረንቲ አይዘኝም» ብሎ እጅን ማስገባት ግን ሞትን መጥራት ነው። የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የሚገጠሙ መቁረጫዎች በ30 ሚሊአምፔር እንዲቆርጡ የሚሠሩ ናቸው፤ ያ አምፖል ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ያሳልፋል። አምፖሉ የሚጠብቀው ዕቃውን እንጂ እናንተን አይደለም።

«አቀማመጥ ለውጥ አያመጣም» ማለቴም ለካረንቱ መጠን እንጂ ለደኅንነት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያ በፌዝም (ኮረንቲ ባለው ሽቦ) በኒውትራልም (በመመለሻው ሽቦ) ላይ ቢገባ አምፖሉን ያጠፋል፤ በኒውትራል ላይ ከገባ ግን መብራቱ ጠፍቶም አምፖል መያዣው ከ220 ቮልት ጋር እንደተገናኘ ነው። አንድ ጎረቤቴ አጥፍተው አምፖል ሲቀይሩ የያዛቸው በዚህ ምክንያት ነበር። እርሳቸው «ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሽቷል» አሉኝ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ደኅና ነበር፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። በቤታችሁ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍታችሁ በፌዝ መፈተሻ ካቻቢቴ መያዣውን ፈትሹ። የመፈተሻው መብራት ከበራ ብሬከሩን አውርዱና ሽቦውን ወደ ፌዝ የሚያዛውር ኤሌክትሪሻን ጥሩ፤ እስከዚያ ያንን አምፖል ብሬከር ሳታወርዱ አትንኩት።