ቺ በቤተ ሙከራ፦ የታይቺና የቺጎንግ «ውስጣዊ ኃይል» እንዴት ይፈተሻል

ቺ በቻይንኛ እስትንፋስ፣ አየር፣ እንፋሎት ማለት ነው። የታኦ ተከታዮችና የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ግን ቃሉን ሰፋ አድርገው ይጠቀሙበታል፤ ለእነሱ ቺ በሰውነት ውስጥ በተወሰኑ መስመሮች የሚዘዋወር፣ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ዳንትየን በሚባለው ስፍራ የሚከማች የሕይወት ኃይል ነው። በእስትንፋስ፣ በአቋቋምና በሐሳብ ይህን ኃይል ማሠልጠን ቺጎንግ ይባላል። ለፍልሚያ የሚያውሉት ደግሞ «ውስጣዊ» የሚባሉት የማርሻል አርት ዓይነቶች ናቸው፤ ዋነኞቹ ታይቺ፣ ባጉዋ እና ሺንግዪ ናቸው። በአገራችን ውሹ በሚለው ስም የሚታወቀው ስፖርትም ታይቺን ከውድድር ዘርፎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል።

«ውስጣዊ» የሚለው ስያሜ በጽሑፍ የታወቀው ሁዋንግ ዞንግሺ የተባለው ምሁር በ1669 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለአንድ ተዋጊ ባዘጋጀው የመቃብር ጽሑፍ ነው። ሦስቱን ጥበቦች በአንድ ቤተሰብ አሰባስቦ ያስተማረው ሱን ሉታንግ ግን የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰው ነው። በአፈ ታሪክ ታይቺን የፈጠረው በዉዳንግ ተራራ የኖረ ዣንግ ሳንፌንግ የተባለ የታኦ መናኝ ነው ይባላል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ዱካውን ሲከተሉ የሚደርሱት ግን ሄናን ውስጥ ካለች ቼንጂያጎው ከምትባል የገበሬ መንደር፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወታደር ከቼን ዋንግቲንግ ዘንድ ነው። ዛሬ በየመናፈሻው የሚታየው ባለ 24 እንቅስቃሴ አጭር ታይቺ ደግሞ በ1956 በቻይና የስፖርት ባለሥልጣናት የተዘጋጀ ነው። ይህን ማወቁ ለፈታሹ ይጠቅማል። «የሺህ ዓመት ምስጢር ነው» ተብሎ የሚቀርብለት ነገር ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው።

ወደ ፈተናው ከመግባት በፊት መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በቺ ስም የሚነገሩት አባባሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሠልጣኙ በራሱ አካል ውስጥ ስለሚሆነው ነው፦ መዳፍ ይሞቃል፣ እስትንፋስ ይረጋጋል፣ ሚዛን ይጠነክራል፣ በትንሽ ጡንቻ ብዙ ጉልበት ይወጣል። ሁለተኛው ከአካል ስለሚወጣው ነው፦ መምህሩ ሳይነካ ሰው ይጥላል፣ ከርቀት ይፈውሳል፣ ቺውን ግድግዳ አሳልፎ ይልካል። የመጀመሪያው በተራ የሕክምና መሣሪያ ይለካል፤ ብዙውም እውነት ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ጥብቅ ፈተና በገጠመው ቁጥር ይወድቃል። ብዙ ክርክር የሚነሣው የአንደኛው ማስረጃ ለሁለተኛው ምስክር ሆኖ ሲጠራ ነው። መዳፉ መሞቁን ያየ ሰው መዳፉ እሳት ይተፋል ብሎ ያምናል።

ቺጎንግ የሚለው ስም በሕክምና ተቋም ገብቶ የተስፋፋው በ1950ዎቹ በሊዩ ጉይዤን አማካይነት ነው። በባህል አብዮቱ ዘመን ታፍኖ ቆየ። በ1978 በሻንጋይ የኑክሊየር ምርምር ተቋም የምትሠራው ጉ ሃንሰን ከአንድ የቺጎንግ መምህር መዳፍ የኢንፍራሬድ ጨረር መለካቷን አስታወቀች፤ «ውጫዊ ቺ ቁስ ነው» የሚለው እምነት ከዚያ ተነሣ። በ1979 መጋቢት የሲቹዋን ጋዜጣ በጆሮው ፊደል የሚያነብ ልጅ ተገኘ ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ በዚህ ወሬ ተያዘ። የቻይና የሮኬት ሳይንስ አባት የሚባለው ቺያን ሹዌሰን ሳይቀር ምርምሩን ደገፈ። ነገሩን በጥርጣሬ ያዩ ሳይንቲስቶችም ነበሩ፤ የፊዚክስ ሊቁ ሄ ዙኦሺው ከተቃዋሚዎቹ ጎልቶ የሚጠቀስ ነው።

የጉ ሃንሰን ልኬት የሚያስተምረው ነገር አለ። መሣሪያዋ ያየው ጨረር እውነተኛ ነው። ችግሩ ማንም ሰው ይህን ጨረር የሚያወጣ መሆኑ ነው። 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቆዳ በ9.5 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ያለማቋረጥ ይጨረራል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል፣ እንደ ድሮ አምፖል። ሠልጣኙ ሲረጋጋ የእጁ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ መዳፉ ይሞቃል፣ ጨረሩም ይጨምራል። ስለዚህ ጥያቄው «ጨረር አለ ወይ?» ሳይሆን «ጨረሩ ቆዳው ካለው ሙቀት ይበልጣል ወይ?» ነው። ለዚህ የቆዳውን ሙቀት በተለየ ቴርሞሜትር አብሮ መለካት ግድ ነው። ሌላም ቀላል ዘዴ አለ፤ በእጅና በመለኪያው መካከል ተራ የመስኮት መስታወት ማስገባት። መስታወት ለዓይን ግልጽ ቢሆንም ይህን ጨረር ያስቀራል። ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ግን ብዙውን ያሳልፋል። «ቺው» በፕላስቲኩ አልፎ በመስታወቱ ከቆመ የተለካው ሙቀት ነው።

መግነጢሳዊ ልኬት የባሰ ተንኮለኛ ነው። በ1992 የጃፓን ተመራማሪዎች ከፈተሹዋቸው 37 ሰዎች በ3ቱ እጅ አካባቢ አንድ ሚሊጋውስ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ገደማ የሚደርስ መስክ አገኘን ብለው አሳትመዋል፤ ይህ ከተለመደው የሰውነት መስክ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን የምድር መስክ ራሱ ወደ 500 ሚሊጋውስ ነው። መለኪያው በዚህ መስክ ውስጥ የአንድ ዲግሪ አሥረኛ ያህል ብቻ ቢያዘነብል ንባቡ በአንድ ሚሊጋውስ ሊቀየር ይችላል። የተዘረጋ ክንድ ደግሞ ሁልጊዜ በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በሚደርስ ትንሽ መንቀጥቀጥ ውስጥ ነው። ስለዚህ መለኪያው ሠልጣኙ ከተቀመጠበት ጠረጴዛና ወለል መነጠል አለበት፤ ሰዓት፣ ቀለበትና የቀበቶ ዘለበት መውለቅ አለባቸው። ከሁሉ በላይ ቺ የማያውቅ ሰው ተመሳሳዩን እንቅስቃሴ ሲያደርግ መለካት አለበት። የዚህ የመጨረሻው ጉድለት የብዙ ጥናቶችን ዋጋ አሳጥቷል።

ከመሣሪያ ይልቅ አጥርቶ የሚለየው ፈተና ዕጣ ነው። በ1988 ከአሜሪካ የመጡ ተጠራጣሪ መርማሪዎች፣ ፖል ኩርትዝና ጄምስ ራንዲ ያሉበት ቡድን፣ በቻይና አንድን የቺጎንግ መምህር ፈትነዋል። መምህሩ በአንድ ክፍል፣ ታማሚው በሌላ ክፍል ሆኑ። በየዙሩ መምህሩ ቺ ይላክ ወይስ አይላክ የሚወሰነው በሳንቲም ነበር። ታማሚው በጣም ይወራጭ ነበር፤ መወራጨቱ ግን መምህሩ ከላከበት ጊዜ ጋር አልገጠመም። ሁለቱ በአንድ ክፍል ሳሉ ግጥም የሚል የነበረው፣ ግድግዳ ሲገባ ፈረሰ። ይህ ማለት ታማሚው ያጭበረብራል ማለት አይደለም። አንድ ነገር ይሆናል ብሎ መጠበቅ ብቻውን ሰውነትን ያንቀሳቅሳል፤ ሰውየውም የሚያንቀሳቅሰው ራሱ መሆኑን አያውቀውም።

እንዲህ ያለውን ፈተና በማንኛውም ማሠልጠኛ ማድረግ ይቻላል። አራት ሰው ይበቃል፦ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ሳንቲም የሚጥል፣ መዝጋቢ። 20 ዙር ይደረጋል። በእያንዳንዱ ዙር ዘውድ ከወጣ ላኪው መዳፉን ከተቀባዩ ጀርባ ያቀናል፤ ጎፈር ከወጣ እጁን ያወርዳል። ተቀባዩ ዓይኑን ተሸፍኖ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። ሳንቲም ጣዩ ከተቀባዩ ጋር መነጋገር የለበትም፤ መዝጋቢውም ሳንቲሙን ማየት የለበትም። መዳፍ በ5 ሴንቲሜትር ርቀት ከሆነ ሙቀቱ ስለሚሰማ በመካከል መስታወት ይቁም። የልብስ ሽውታ፣ የወለል ሲጥታ፣ የላኪው እስትንፋስ መለወጥ ሁሉ ምልክት ስለሚሰጡ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የማያቋርጥ ድምፅ ማሰማት ይጠቅማል። ዙሩን እንደ አመቺነት ማቋረጥ ወይም «ይህኛው አይቆጠርም» ማለት ክልክል ነው።

ውጤቱ ሲቆጠር፣ በዕድል ብቻ ከ20 ውስጥ 15 ወይም ከዚያ በላይ የመምታት ዕድል 2 በመቶ ገደማ ነው፤ 16 ወይም ከዚያ በላይ 0.6 በመቶ ነው። የማለፊያው ነጥብ ከሙከራው በፊት በወረቀት ተጽፎ መፈረም አለበት። 20 መምህራን ቢፈተኑና የማለፊያው ነጥብ 15 ቢሆን፣ ማንም ምንም ኃይል ሳይኖረው ቢያንስ አንዱ የማለፍ ዕድሉ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። ያ አንዱ ቪዲዮውን ያሠራጫል፤ 19ኙ ግን አይታወሱም። ስለዚህ ያለፈ ሰው ሁሉ በሌላ ቀን ደግሞ መፈተን አለበት።

አሜሪካ ውስጥ «የሰውን የኃይል መስክ በእጃችን እንዳስሳለን» በሚሉ ፈዋሾች ላይ ኤሚሊ ሮዛ የተባለች ልጅ በዚሁ መንገድ ፈተና አድርጋ ነበር፤ ሙከራውን ስትጀምር 9 ዓመቷ ነበር። ፈዋሾቹ ካርቶን ጋርዷቸው እጃቸውን በቀዳዳ ያወጣሉ፤ ልጅቷ በሳንቲም ከመረጠችው እጅ በላይ መዳፏን ትይዛለች። 21 ፈዋሾች በ280 ዙር 123ቱን ብቻ መቱ፤ 44 በመቶ፣ ከግምት የማይሻል። ውጤቱ በ1998 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ወጣ። ፈዋሾቹ የቺጎንግ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚሉት ነገር ግን ያው ነው።

በሕዋስ ላይ የተደረገው ሥራ ከዚህ የተሻለ ልብ ይሰቅላል። በ2004 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ቺጎንግ መምህራን በቤተ ሙከራ ሣህን ያደገ የአንጎል ሕዋስ ላይ ቺ እንዲልኩ አድርገው፣ በመጀመሪያ 8 ሙከራ፣ ቀጥሎም 28 ሙከራ ላይ ሕዋሱ መጨመሩን አዩ፤ የሁለተኛው ውጤት በስታቲስቲክስም የሚያሳምን ነበር። እዚያ ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ ዋና ማስረጃ ተብሎ ይጠቀስ ነበር። ግን 60 ሙከራ አድርገው ደገሙት፤ ልዩነቱ ጠፋ። ይህን ማሳተማቸው ያስመሰግናቸዋል። ሕዋስ ላይ የሚሠራ ሰው መጠንቀቅ ያለበት፣ መምህሩ የሚቀርብለት ሣህንና ማነጻጸሪያው ሣህን እኩል ጊዜ ከማሞቂያው እንዲወጡ፣ እኩል እንዲነካኩ፣ የሚቆጥረው ሰውም የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳያውቅ ነው።

በማሠልጠኛ በጣም የሚያስደንቀው «ሥር መስደድ» ነው፦ ቀጭን አዛውንት ቆመው ጎልማሶች ሲገፏቸው አይነቃነቁም። ለዚህ የሚበቃ መልስ በተራ ፊዚክስ አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው (700 ኒውተን ገደማ) የኋላ እግሩን ከክብደቱ መካከል 40 ሳንቲሜትር አርቆ ቢቆም፣ በ1.2 ሜትር ከፍታ ደረቱ ላይ ሲገፋ ለመገልበጥ 233 ኒውተን ይጠይቃል። ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ቢልና የሚገፋበት ቦታ ወደ 0.9 ሜትር ቢወርድ 311 ኒውተን ይሆናል። የሚገፋውን ሰው ክርን ከሥር ትንሽ ወደ ላይ ካነሣ ደግሞ ገፊው ከመሬት ይቀልላል፣ እሱ ራሱ ይከብዳል። ሠልጣኞች ጂን የሚሉት፣ ከተራ ጉልበት የሚለዩት ይህን አቅጣጫን የመግዛት ችሎታ ነው፤ ለመያዝ ዓመታት ይፈጃል። አሥር ሰው ተሰልፎ ሲገፋም ለተገፊው የሚደርሰው የመጀመሪያው ሰው ክንድ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ይህን ለመፈተሽ የተገፊው እግር በጠመኔ ይከበብ፣ በደረቱና በገፊው እጅ መካከል ክብደት መለኪያ ይግባ፤ ገፊው የመምህሩ ተማሪ አይሁን። ተማሪ ሳያውቀው ይራራል። መምህሩ «ቺ ያለበት» እና «ቺ የሌለበት» ዙር በዕጣ ይቀያይር፤ አቋቋሙ ካልተለወጠ መለኪያው ላይ ልዩነት መታየት የለበትም።

በፍልሚያ መድረክ ነገሩ ፈጣን ነው። በ2017 ሚያዝያ ቼንግዱ ውስጥ ሹ ሺያዎዶንግ የተባለ የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ዌይ ሌይ የተባለውን የታይቺ መምህር በሴኮንዶች ውስጥ ጣለው። በ2020 ግንቦት የ69 ዓመቱ የታይቺ መምህር ማ ባዎጉዎ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደቀ። እነዚህ ሁለት ሰዎችን እንጂ ሁሉን ታይቺ አይፈትኑም። የሚያሳዩት ግን ከማይታዘዝ ተጋጣሚ ጋር ሳይለማመዱ መኖር ምን እንደሚያመጣ ነው።

ታይቺ ጠንካራ ማስረጃ ያገኘው ማንም ተዋጊ ባላሰበው ቦታ፣ አዛውንቶች እንዳይወድቁ በመርዳት ነው። በ2005 በታተመ ጥናት ከ70 እስከ 92 ዓመት የሆኑ 256 ሰዎች በሳምንት ሦስት ጊዜ ለስድስት ወር ሠለጠኑ፤ የታይቺዎቹ 38 ጊዜ ሲወድቁ፣ የሰውነት ማሳሳቢያ (ስትሬቺንግ) ብቻ ያደረጉት 73 ጊዜ ወደቁ። በ2012 በ195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ በሳምንት ሁለቴ ለ24 ሳምንት የተሰጠው ሥልጠና ሚዛናቸውን አሻሽሏል። በ2018 በ670 ሰዎች ላይ የተደረገው ደግሞ ከማሳሳቢያው ቡድን ጋር ሲነጻጸር መውደቅን በ58 በመቶ ቀንሷል። ለጀማሪ የሚበቃው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው በጣም ዝቅ ብሎ አይቁም፤ ጉልበቱም ከእግር ጣቶቹ አቅጣጫ ወደ ውስጥ አይጠፍ። በታይቺ የሚመጣው የጉልበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በእነዚህ ጥናቶች ግን አንድ የማይፈታ ቋጠሮ አለ። ክኒን በሐሰተኛ ክኒን ይተካል፤ ታይቺ የሚሠራ ሰው ግን ታይቺ መሥራቱን ያውቃል። አንዳንዶች «ሐሰተኛ ቺጎንግ» አዘጋጅተው ሞክረዋል፦ ያንኑ እንቅስቃሴ ያለ እስትንፋሱና ያለ ሐሳቡ። ሰው ግን በዝግታ እጁን እያነሣ ሳለ እስትንፋሱ በራሱ ይረዝማል፣ ሐሳቡም በእጁ ላይ ያርፋል፤ ውሎ አድሮ ሐሰተኛው ቡድን ከእውነተኛው የሚለየው በስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል።