የፒቸር አቋቋም ምንድን ነው?

በቤዝቦል ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ፒቸር ይባላል። ጅማ ላይ ጨዋታውን በስልክ የሚያዩ ልጆች ዓይናቸው ክንዱ ላይ ነው። እኔ ግን እግሩን እዩ እላለሁ። የኳሷ አቅጣጫ በአብዛኛው የሚበላሸው ክንዱ ገና ሳይፈተለክ ነው።

አቋቋም ማለት ፒቸሩ እግሩን፣ ዳሌውንና ትከሻውን ለውርወራ የሚያሰናዳበት መንገድ ነው። የሚቆመው ከፍ ባለ የአፈር ጉብታ ላይ ሲሆን፣ አንድ እግሩ እዚያ የተቀበረውን ነጭ ላስቲክ መንካት አለበት። ከላስቲኩ እስከ መቺው ሰሌዳ፣ ማለትም መቺው አጠገቡ እስከሚቆመውና ኳሷ በላዩ እንድታልፍ እስከሚፈለገው መሬት ላይ ያለ ጠፍጣፋ ምልክት፣ 18.44 ሜትር ነው። የሰሌዳው ስፋት ደግሞ 43 ሴንቲ ሜትር ብቻ።

እስቲ እናስላው። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ በ1 ዲግሪ ብትስት፣ ሰሌዳው ጋ ስትደርስ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መሃሉ ላይ ያነጣጠረው ኳስ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ያቺ 1 ዲግሪ ብዙ ጊዜ የምትመጣው ወደፊት ከሚረግጠው እግር ነው። በቀኙ የሚወረውር ፒቸር ቀኝ እግሩን ላስቲኩ ጋ ተክሎ በግራው ወደ መቺው ይራመዳል። ግራ እግሩ ወደ ግራ ካመለጠ ዳሌውና ትከሻው ቀድመው ይከፈታሉ። ክንዱ ወደኋላ ይቀራል፤ ኳሷም ብዙ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ወደ ቀኝ ከረገጠ ደግሞ ዳሌው ይታገዳል፤ በራሱ ገላ ላይ አቋርጦ ለመወርወር ይገደዳል። የእግር ጉልበት በሚገባ ስለማይደርስ ሸክሙ ትከሻና ክርን ላይ ይወድቃል። በተለይ ለታዳጊዎች ይሄኛው ያሳስበኛል።

ማንጎ በድንጋይ የሚያወርድ የጅማ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ከጨቀየ የፊት እግሩ ሸርተት ትላለች፣ ድንጋዩም ከቅርንጫፉ በላይ ያልፋል። ክንዱ ያው የትናንቱ ክንድ ነው።

ሁለት ዓይነት አጀማመር ይፈቀዳል። ዊንድአፕ ረዘም ያለ፣ ሰውነትን የሚያወዛውዝ ነው። ስትሬች አጭር ነው፤ ቤዝ (ሯጩ በየተራ የሚደርስበት ማረፊያ) ላይ ሯጭ ሲኖር ይመረጣል፣ ለመስረቅ፣ ማለትም በውርወራው መሃል ወደ ቀጣዩ ቤዝ ለመሮጥ፣ ጊዜ አይሰጠውምና። እንቅስቃሴው ስለሚያንስ የሚዛባውም ያንሳል። ጀማሪ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ለመሞከር ጉብታ አያስፈልግም። ከቆማችሁበት እስከ ዒላማው መሬት ላይ መስመር አስምሩ። የካልሲ ኳስ ወርውሩና የፊት እግራችሁ ከመስመሩ ወዴት እንዳረፈ ዱካችሁን ተመልከቱ። ቀጥሎ የምታስተካክሉት እሱን ነው።